ጎታታውን መልሱልን

ጥቅምት 4

ይድረስ ለልጄ እናት፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል ብላ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብዕሯን ይዛ ተቀምጣለች። እሺ፣ ጤናሽን ጠይቄያለሁ። የኔን ማወቅ ከፈለግሽ፣ ከቀሩኝ ጥርሶች አንዱ ሄዷል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። የምለውን እንዳለ እንድትጽፍ አስምያታለሁ፤ ሳታሳምር፣ ሳትቀባባ። ፊደል ባላውቅም ቃሌን አውቃለሁ።

«ለምን መጥተህ አትወስደኝም?» ላልሽው መልሱ ይኸው። አንቺ ልጃችንን ልታርሺ ሄደሽ በሰው ግቢ የሳሙና ውሃ አንሸራቶሽ ዳሌሽን ሰበርሽ። ሐኪሙ እግሯን ዘርግታ ካልሆነ እንዳትንቀሳቀስ ብሏል። የተራራው መንገድ ደግሞ በክረምቱ ከተናደ ወዲህ አውቶቡሱ ዙሪያውን ዞሮ ነው የሚደርሰው። መንገድ ላይ ያሳድራል፤ ጤነኛውን እንኳ አጥንቱን አላቅቆ ነው የሚያወርደው። የቀረው ባቡር ነው። ባቡሩ ግን አንቺ የምታውቂው ባቡር አይደለም።

ጎታታው ቀርቷል። ያ በየጣቢያው እየቆመ ሽንኩርቱንም ተማሪውንም ታማሚውንም የሚለቅመው፣ የእንጨት አግዳሚ ያለው፣ አንቺ በመስኮቱ ሻይ የምታቀብይው፣ እሱ የለም። በሱ ፋንታ ፈጣኑን አምጥተውልናል። ወንበሩ እንደ ሀብታም ሆድ ያበጠ፣ መስኮቱ የማይከፈት። ድሮ ከጠዋት እስከ ረፋድ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ የማገኘው ሰውን አድርሶ ይመልሰው ነበር። አሁን ለአንድ ወንበር ሳምንት ሙሉ ልቀጠቅጥ ነው። ላንቺ ደግሞ እግርሽ የሚዘረጋበት ሁለት ወንበር ያስፈልጋል። እኔም ጣሪያው ላይ አልቀመጥም።

«አማችህ ይከፍላል» ያልሽውን ልብስ ሰፊዋ ሁለቴ አነበበችልኝ። ሁለቴም አልሰማሁም።

እሁድ ጣቢያው ፊት ለፊት ስብሰባ አለ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ትመጣለች፣ መምህሩ ይመጣል፣ ለሕክምና የሚመላለሱት፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ የሚማሩባቸው፣ ሁሉም ይመጣሉ። ጎታታው ይመለስልን፣ ዋጋውም እንደ አቅማችን ይሁን ልንል ነው። እኔም እናገራለሁ። ምን እንደምናገር አሁን አልነግርሽም፤ ስትሰሚ ትኮሪብኛለሽ።

ሕፃኗን ሳሚልኝ። አልጋው ባንቺ በኩል እንደተነጠፈ ነው።

ይህን የመጨረሻውን አትጻፊ ብያት ነበር። «እንዳለ ጻፊ ብለህ አስምለኸኝ የለም?» አለችኝ።

ኅዳር 12

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ደህና እንደሆንሽ በደብዳቤሽ ላይ ደጋግመሽ ጽፈሻል። ደጋግሞ የተጻፈ ነገር ደስ አይለኝም፤ እግርሽ እንዴት ነው?

«ምን ብለህ ተናገርክ?» ላልሽው፣ እንዲህ ነው። መምህሩ አቤቱታ እንጻፍ አለ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ሽማግሌ እንላክ አለች። እኔ የራሴን ባልዲ ደፍቼ ወጣሁበትና «ለምን እንለምናለን? ይህ ባቡር እኛ ካልተሳፈርንበት ማንን ይጭናል? አንድ ሰው ትኬት እንዳይገዛ። ባዶ ሆዱን ይመላለስ፤ ሲርበው ራሱ ይጠራናል» አልኩ። እንዴት እንዳጨበጨቡ! ባልዲው ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥሩ ባልዲ ስለሆነ ቻለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፈጣኑ ይመጣል፣ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ማንም አይገባም፣ በሩን ይዘጋል። የሚለው ጠፍቶት አፉን ከፍቶ እንደሚዘጋ ሰው። አንዲት ሴትዮ ልትሳፈር መጥታ ነበር፤ በዓይናችን ብቻ መለስናት። ከተማው እንዲህ ባንድ ቃል ሲቆም አይቼ አላውቅም።

እርግጥ የሽንኩርት ነጋዴዋ ታኩርፈኛለች። ሽንኩርቷን በጭነት መኪና ልካ ዙሪያውን ሲዞር ግማሹ በሰበሰባት። መምህሩም ትናንት ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ባቡሩ ባይርበውስ?» አለኝ። «የማይርበው ነገር አይቼ አላውቅም» አልኩት። ተሰናብቶኝ ሄደ። የሄደው አሳምኜው ይሁን ሰልችቼው አላውቅም።

እኔም ብሆን ባልዲዬን የምልክበት አጥቻለሁ። ድሮ አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክቼ በጎታታው ዕቃ ፉርጎ ስጭን፣ እስከ መስመሩ ጫፍ ያለ ሰው በኔ ባልዲ ነበር ውሃ የሚቀዳው። አሁን ሱቁን ሞልቶ ወደ ቤት ገብቷል። ወደ አልጋዬ የምደርሰው በጎኔ እየሄድኩ ነው። አንቺ ብትኖሪ ትጮሂብኝ ነበር። የሚጮህብኝ ሰው የለም።

«ምን ትበላለህ?» ላልሽው፣ የሚበላ።

«ለምን እዚህ መጥተህ አብረን አንኖርም?» ላልሽው፣ አማቹ ቤት የሚኖር ሽማግሌ ጨው ለመጨመር እንኳ የሰው ፊት ያያል። እኔ በሬን ስከፍትም ስዘጋም ማንንም የማላስፈቅድ ሰው ነኝ። ሥራዬስ? መዶሻዬ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ? አንቺ ትመጫለሽ እንጂ እኔ አልመጣም። ቤትሽ እዚህ ነው።

ትንሽ ታገሺ። ባቡሩ እየራበው ነው።

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለአባቷ፣

ይህን የምትጽፈው ልጅህ ናት። ባንድ እጇ ሕፃን ስለያዘች ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረድባት። ለነገሩ አንተ በምን ታውቃለህ።

ትናንት አማችህ ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣ ይዞ ገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አነበበልኝ። የባቡር መሥሪያ ቤቱ «በዚያ ጣቢያ ከአንድ ወር በላይ አንድ ትኬት አልተሸጠም፤ የከተማው ሕዝብ ባቡር እንደማያስፈልገው ታውቋል፤ ስለዚህ ባቡሩ ከእንግዲህ ሳይቆም ያልፋል» ብሏል። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እየተኩራራህ የነገርከኝ ራስህ ነህ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንተን ሁለቱም አግኝቶሃል።

ልጅህ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር። ጻፊ አልኳት።

ባልዲ ላይ ከመውጣትህ በፊት አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ዕድሜዬን በዚያ ባቡር መስኮት ሥር ሻይ የሸጥኩ እኔ ነኝ። ባለ ቢሮ የሚቆጥረው የተሳፈረውን ነው። የቀረውን አይቆጥርም። ቤቱ የተቀመጠ ሰው እነሱ ዘንድ ያልተወለደ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ከተማውን ሙሉ ሰብስበህ ቤቱ አስቀመጥከው።

አሁን ስማኝ። ተሳፋሪ በትኬቱ አይደለም የሚታወቀው። ዕቃውን በሁለት እግሩ መሃል ያደርጋል። አንገቱን ያሰግጋል። ሻይ ሲገዛ ባቡሩ እንዳያመልጠው እያቃጠለው ይጠጣል። እናንተም እንደዚያ ሁኑ። የክት ልብሳችሁን ልበሱ፣ ዕቃችሁን ያዙ፣ በጎታታው ሰዓት ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ በሉ። በየሳምንቱ። አትጩሁ። የሚጮህ ሰው ሲያጋጥመው ፖሊስ የሚያደርገውን ያውቃል። ሻንጣውን ይዞ ባቡር የሚጠብቅን ሰው ግን ምን ይለዋል? በዚያ የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት ያያችኋል። ያዩትን ሰው የለም ማለት ይከብዳል።

ስለ እግሬ ጠይቀሃል። ሕፃኗ ጥርስ አብቅላለች፤ ሁለት፣ ከታች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን።

አማችህን በደብዳቤህ ሁሉ ባትነካካው ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ትራሴን የሚያስተካክልልኝ እሱ ነው።

ጥር 6

ይድረስ ለልጄ እናት፣

ልክ ነሽ።

ይህን ቃል ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ስላላመነች አስደግማኛለች። ደገምኩላት። ሦስተኛ አልደግምም።

ትኬት አትግዙ ያልኩበትን በር ሁሉ ተመልሼ አንኳኳሁ። «ሚስቴ እንዲህ ብላለች» ነው ያልኩት፤ «እኔ» አላልኩም። የሽንኩርት ነጋዴዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝና፣ «መጀመሪያውኑ ባልዲው ላይ እሷ በወጣች» ብላ ዘጋችው። ቅዳሜ ግን ከሁሉ በፊት ጣቢያው ላይ ያገኘኋት እሷን ነው፤ አንድ ዘንቢል ይዛ፣ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ለውጣ።

እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ልንገርሽ። መጀመሪያ ቀን ጥቂት ነበርን፤ አፍረን ነበር፣ እርስ በርሳችንም አንተያይም። ባቡር የማይቆምበት ጣቢያ ላይ ለብሶ መቀመጥ እብደት ይመስላል። አንዳንዱ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጥቶ እኔ መለስኩት። «ሂድ፣ ዕቃህን ከተህ ና፤ ተሳፋሪ ነኝ ካልክ ተሳፋሪ ሁን» አልኩት። እኔ የያዝኩት ያንቺን ሻንጣ ነው። ምን ከተትክበት ብትዪኝ፣ ወፍራሙን ሹራብሽን፣ መነጽርሽን፣ ለእግርሽ ማሳረፊያ የሚሆን ትንሽ ትራስ፣ ለመንገድ ደግሞ አንድ ኩባያ። ኩባያውን አዲስ ነው የሠራሁት፤ ከንፈር እንዳይቆርጥ ጠርዙን አጥፌዋለሁ።

የጥበቃው ሰው መጣ። «ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?» አለ።

«ባቡር እንጠብቃለን» አልን።

«እዚህ የሚቆም ባቡር የለም እኮ።»

«ለዚህ ነው የምንጠብቀው» አለችው የሽንኩርት ነጋዴዋ፤ «ቢቆም ኖሮ እንሳፈር ነበር።»

ራሱን አከከ። ከዚያ እናቱን መሃላችን ተቀምጣ አያት። ለሕክምና የምትመላለሰዋ፣ ፊቷ ያበጠው ሴትዮ፣ እናቱ ናት ለካ። ሄዶ ውሃ አመጣላትና አጠገቧ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ተነሱ ያለን የለም።

ፈጣኑ እንደ ጥፊ ነው የሚያልፈው። ኮፍያ ይወስዳል። በመስኮቱ ፊቶች ያልፋሉ፤ የመጀመሪያ ቀን ማንም ያየን አይመስለኝም። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ልጅ እጇን አወዛወዘች። በሚቀጥለው አንዳንዶቹ ተነስተው በመስኮቱ ተደረደሩ። ባለፈው ቅዳሜ ነጂው ከሩቅ ጡሩምባውን ነፋና ቀስ አለ። አልቆመም። ቀስ ግን አለ፤ የያንዳንዳችንን ፊት እስኪያይ። የሰዉ ሁሉ ወገብ ሊነሳ ፈልጎ ተመልሶ ሲቀመጥ አየሁ። የኔም።

መምህሩ እንደነገረኝ በድልድዩ ጣቢያና ከዚያም በታች ባሉት ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው መቀመጥ ጀምረዋል። ልብስ ሰፊዋ ከአሮጌ መጋረጃ «ጎታታውን መልሱልን» የሚል ሰፍታ ሰቅላለች። ማንበብ ባልችልም ቀለሙ ያምራል።

አሁንም ስለ እግርሽ ጠየቅሁ።

የካቲት 17

ይድረስ ለልጄ እናት፣

ደብዳቤሽ አጥሯል። ልብስ ሰፊዋ አንብባ ስትጨርስ የሚቀጥለውን ገጽ ስጠብቅ «አለቀ» አለችኝ።

የቢሮ ሰዎች መጥተው እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ መጥተዋል። ላንቺ ሳይጨበጥ ልናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ከባልዲው ወዲህ ምላሴን አስሬያለሁ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ክራባት ያሰረ፣ አንደኛው የሚጽፍ። ባለ ክራባቱ ሰው ክፉ አይደለም። «አባት፣ ይህን መስመር በርካሽ ዋጋ ማስኬድ ኪሳራ ነው» አለኝ። እኔም «የባልዲ እጀታ ብቻውን ኪሳራ ነው፤ ማንም እጀታ ለብቻው አይገዛኝም። ግን ያለ እጀታ ባልዲ ሸጬ አላውቅም» አልኩት። ሳቀ። የሳቀ እንጂ የተረታ አልመሰለኝም፤ ጸሐፊውም አልጻፈው። «አስበንበት እናሳውቃለን» አሉና ምሳ በሉ።

ያልጠበቁት ቅዳሜ መሆኑን ነው። ወደ መኪናቸው ሊመለሱ ሲወጡ ጣቢያው ሞልቷል፤ አግዳሚው፣ ደረጃው፣ ሐዲዱ ዳር ድረስ ሰውና ዕቃ ነው። ጩኸት የለም። ልጅ ብቻ ያለቅሳል። ባለ ክራባቱ ሰው መተላለፊያ አጥቶ ሻንጣ ለሻንጣ እየተራመደ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ነው የወጣ። መሃል ላይ የጥበቃው እናት ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ጥቅሏን ከእግሯ ሥር ወደ ጎን ሳብ አድርጋ አሳለፈችው። እስከ መኪናው ድረስ ደጋግሞ ዞሮ ሲያያት ነበር።

መልስ ገና አልመጣም። እንቀመጣለን።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር። ስለ እግርሽ ጠየቅሁ፣ ስለ ሕፃኗ ጥርስ መለስሽልኝ። እንደገና ጠየቅሁ፣ ስለ ጎረቤታችሁ ውሻ። ሦስተኛ ጠየቅሁ፣ «በጣም ደህና ነኝ» የሚል መጣ። ይህ የልጃችን አነጋገር ነው። አንቺ በጣም ደህና የምትይ ሴት አይደለሽም። አንቺ ደህና ስትሆኚ ትሳደቢያለሽ። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ አልተሰደብኩም።

አውጥቼ ልናገርና አውጥተሽ ትናገሪ እንደሆነ ልይ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ብየዳ ላይ በግራዬ ደግፌ ነው የምይዘው። ባለፈው የሠራሁት ማንቆርቆሪያ አፉ ወደ ጎን ዞሮ፣ ሰው ሲቀዳበት ጎረቤቱ ኩባያ ውስጥ ነው የሚገባው። ይህን ካንቺና ከዚህች ከምትጽፈው በቀር የሚያውቅ የለም።

በይ፣ ተራው ያንቺ ነው።

መጋቢት 15

ይድረስ ለአባቷ፣

ይህን የምትጽፈው ልጃችን አይደለችም፤ ቁስሌን ልታጥብ የምትመጣው ነርስ ናት። ልጃችን ገበያ ወጥታለች። ፊቷ ላይ ልናገረው ያልቻልኩትን በሰው እጅ እጽፋለሁ።

አጥንቱ አልገጠመም። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግራት ሰማሁ፤ የሚያንሾካሹክ ሰው ከሚጮኸው በላይ እንደሚሰማ አያውቁም። ከእንግዲህ ቆሜ አልሄድም። ተቀምጬም ብዙ አልቆይም፤ ጀርባዬ ቆስሏል። ሁለት ወንበር ቀርቶ ፉርጎውን ሙሉ ቢሰጡኝ ያን ያህል መንገድ አልችለውም። ጎታታው ቢመለስም እኔን አያመጣም።

ለምን ደበቅሽኝ ብለህ ትቆጣለህ። ተቆጣ። የደበቅኩህ ሻንጣዬን ይዘህ እዚያ ስለተቀመጥክ ነው። ብነግርህ ሻንጣውን ጥለህ ትነሳ ነበር። አንተ ስትነሳ ሌላውም ይነሳል፤ ያንተን ጠባይ ያየ ከተማ ነው። ያ ባቡር እኔን ባያመጣ የጥበቃውን እናት ይወስዳል፣ ይመልሳል። እሷን አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው፤ በመስኮት ስሰጣት እጇ ይቀዘቅዝ ነበር። እሷን ነው ያሰብኩ። እኔ እንኳ ዕድሜ ጠግቤ ነው የተሰበርኩት።

ስድብህን ፈልገሃል። አንተ ደረቅ። አንተ የቆርቆሮ ራስ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻውን ብረት አያግልም፤ ቤቱን አቃጥለህ ባልዲ ውስጥ ትገኛለህ። ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?

ምን እንደሚናፍቀኝ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የምትቀጠቅጠው። «ተው፣ ጆሮዬን» ስልህ የኖርኩት። እዚህ ቤት ሁሉም ለኔ ብለው በጣታቸው ጫፍ ነው የሚራመዱት፤ በሩን ሲዘጉ እንኳ አይሰማም። እንዲህ ያለ ጸጥታ አልወድም።

አማችህ ግቢው ውስጥ በሩ አጠገብ ያለችውን የዕቃ ቤት አጽድቶ ጣሪያዋን ቀይሯል። ለማን ነው ስለው «እንዲያው ነው» ይለኛል። ሰውየው ዝም ብሎ ቆርቆሮ ይወዳል መሰለህ?

ና አልልህም። ና ብዬህ አልመጣም ብትለኝ ሁለተኛ መሰበር ነው፤ ያንን አልችለውም።

መጋቢት 26

ይድረስ ለልጄ እናት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልብስ ሰፊዋ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ። ልቆጣ ተነስቼ ነበር፤ በባልዲው መሃል መንገድ ሳጣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቁጣው ጠፋብኝ። ከተቀመጥኩበት ልብስ ሰፊዋ እጄን ይዛ አስነሳችኝ፤ የተነሳሁት ሲመሽ ነው።

ጎታታው ይመለሳል። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣል፤ በየጣቢያው ይቆማል። ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን ይቻላል። ለሙከራ ነው ይላሉ፤ ሰው ከሞላበት ይቀጥላል። ይሞላል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ያለ ባቡር የተቀመጠ ሰው ባቡር ሲያገኝ ይቀራል?

ወሬው የመጣ ቀን የሽንኩርት ነጋዴዋ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ስለበሰበሰው ሽንኩርቷ እንደገና ሰደበችኝ። ልክ ናት። ባልዲዎቼን ሁሉ ሰጥቻታለሁ፤ ቤቱም ሱቁም ባዶ ሆኗል። መምህሩ ንግግር አደረገ፤ ረዘመ። የጥበቃው ሰው እናቱን ደግፎ ትኬት መስኮቱ ድረስ ወሰዳትና ከሁላችንም በፊት እሷ ቆረጠች። ለሷ ቦታ ስንለቅ ማንም ማንንም አላዘዘም። ይህን ልታውቂ ይገባል ብዬ ነው።

ሰዉ ሁሉ «እንግዲህ ሚስትህ ልትመጣ ነው» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። ከልብስ ሰፊዋ በቀር አንዱም እውነቱን አያውቅም። እስከ ሐሙስ አልነግራቸውም፤ ደስታቸውን ምን ብዬ ላበላሽ?

እኔ እመጣለሁ።

ለጥየቃ አይደለም። የሱቁን ቁልፍ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻለሁ፤ መስፊያ መኪናዋን ታስገባበታለች፤ ብርሃን አለው። ቤቱን ዘግቻለሁ። ስዘጋው ምን ተሰማህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ስለ ባቡሩ እነግርሻለሁ። የያዝኩት ያንኑ ሻንጣሽን ነው፤ ከሱ ሌላ መዶሻ፣ መቀስ፣ መበየጃ፣ አንድ ፍራሽ። አማቼ አልጋ አይግዛ። አልጋሽ ሥር አነጥፋለሁ፤ ስትጠሪኝ ለመነሳት ይቀርባል። ትራሱንም ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማስተካክል፤ እሱ የድርሻውን ሠርቷል። ይህን ንገሪው። በኔ ቃል ንገሪው፤ ልጃችን አታሳምረው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ስትጽፈው እንዳትስቅ አስጠንቅቄያለሁ፤ አልሳቀችም፤ ብዕሯን ግን አቁማ አየችኝ። ባልዲዬ እንጂ እኔ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ማንም አያውቅም። ስለ ባቡር ስናገር የሰማኝ ሁሉ ፉርጎ ውስጥ የተወለድኩ ይመስለዋል። ጎታታው ደግሞ በሁሉም ጣቢያ ነው የሚቆመው፤ በየጣቢያው የተሰቀለውን ጽሑፍ አላነበው። የትኛው ያንቺ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ከጎኔ የተቀመጠውን «ወንድሜ፣ ይህ የት ነው?» ልበለው? ባቡሩን ያስመለሰው ሽማግሌ እኮ ነው የሚሉኝ። ብሞት አልጠይቅም። ሳልጠይቅ ቀርቼ ደግሞ አንቺን አልፌ እስከ መስመሩ ጫፍ እንዳልሄድ እፈራለሁ። እፈራለሁ የሚለውን ጻፊው ብያታለሁ።

ይህ ደብዳቤ ዛሬ በአውቶቡሱ ስለሚወጣ ይቀድመኛል። አማቼ ሐሙስ ከሥራ አስፈቅዶ ጣቢያው ላይ ይቁም። ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ሥር እየሄደ ይጥራኝ። ጮክ ይበል፣ ሰው አይፈር። እስከ ዛሬ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ግራ ገብቶት በማሳል ነው የሚጀምረው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። «አባቴ» ብሎ ይጥራኝ።

አቤት ብዬ እወርዳለሁ።